የመንደል ልጅ፦ የሜንደልሶን ልጆች የእሑድ ኮንሰርትና የአንድ ስም ታሪክ



ክላሲካል ሙዚቃ ሲባል ብዙዎቻችን «ይሄ የእነሱ ነው» እንላለን። የትልቅ አዳራሽ፣ የጥቁር ልብስና የውድ ትኬት ነገር ይመስለናል። ዛሬ የምናወራው ግን ሳሎን ውስጥ ስለተጀመረ ሙዚቃ ነው። እናትና አባት ቁጭ ብለው፣ ዘመድና ጎረቤት ተጠርቶ፣ አራት ልጆች ለእንግዳ ስለተጫወቱት ሙዚቃ። ዘመኑ ከ200 ዓመት በፊት ነው፣ ከተማው በርሊን። ቤተሰቡ ደግሞ ከአይሁድ ዘር የሆነው የሜንደልሶን ቤተሰብ ነው። ከዚህ በታች የምታነቧቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ሙዚቃ አለ፣ የሃይማኖት ጉዳይ አለ፣ ወንድሟ የተፈቀደለት እሷ የተከለከለች ሴት ልጅም አለች። ከሁሉ በላይ ግን የስም ጥያቄ አለ። እኛም የምናውቀው ጥያቄ ነው።

በእግሩ የመጣው ልጅ

በ1743 አንድ የ14 ዓመት አይሁዳዊ ልጅ ዴሳው ከምትባል ከተማ ተነሥቶ በርሊን ገባ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። ሥራ ፍለጋ አልነበረም። መምህሩ ረቢ ዳቪድ ፍሬንከል ወደ በርሊን ተሹመው ስለሄዱ፣ ትምህርቱ እንዳይቋረጥበት ብሎ ተከተላቸው። በዚያን ጊዜ አይሁዳዊ እንደ ልቡ በርሊን ገብቶ መኖር አይችልም፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ልጁ ገንዘብም፣ ዘመድም፣ ፈቃድም አልነበረውም። ወላጆቻቸው በእግር ሱዳን የገቡ የገጻችን አንባቢዎች ይህን ሲሰሙ ነገሩ ሩቅ አይሆንባቸውም።

የልጁ ስም ሙሴ ነው፣ የአባቱ መንደል። ሙሴ ቀን ቀን በሐር ፋብሪካ ሒሳብ እየያዘ፣ ማታ ማታ እያነበበ፣ በኋላ በመላው አውሮፓ የታወቀ ፈላስፋ ሆነ። ኦሪትን ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ በዕብራይስጥ ፊደል አሳተመ። አባቶቻችን ኦሪትን በግዕዝ እንዳነበቡት፣ የእሱም ዘመን ልጆች ኦሪትን በሚኖሩበት አገር ቋንቋ እንዲያነቡ ፈለገ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሰንበቱንና ካሽሩቱን አልተወም። በ1786 እስኪሞት ድረስ እንደ አይሁዳዊ ኖረ።

አሁን ስሙን ልብ በሉ። ሜንደልሶን ማለት በጀርመንኛ «የመንደል ልጅ» ማለት ነው። ሌላ ምንም ትርጉም የለውም። በእኛ ዘንድ ሰው በአባቱ ስም እንደሚጠራው፣ ሙሴም «ሙሴ የመንደል ልጅ» ነበር። እሱ ጀርመኖች በሚገባቸው መልክ ሲጽፈው ግን ያ የአባት ስም ቆሞ ቀረ፤ ለልጆቹም ለልጅ ልጆቹም የቤተሰብ ስም ሆነ። እኛም መርካዝ ክሊታ ስንገባ «ሽም ሚሽፓሓ ማን ነው?» ተብለናል። ሀገር ቤት የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበረንም። ለብዙዎቻችን የአያት ስም ተጻፈልን፣ በዚያው ቀረ። ዛሬ በተዑዳት ዘሁታችን ላይ ያለው ስም አንድ ቀን አንድ ጎንደሬ ገበሬ ወይም አንጥረኛ በሰፈሩ የተጠራበት ስም ነው።

ሙሴ፣ አብርሃም፣ ልያ፣ ርብቃ

የሙሴ ሁለተኛ ወንድ ልጅ አብርሃም ይባላል። ከታላቅ ወንድሙ ከዮሴፍ ጋር በባንክ ሥራ ተሰማርቶ ሀብታም ሆነ። ልያ ሳሎሞን የምትባል፣ ፒያኖ የምትጫወትና ብዙ ቋንቋ የምታነብ የበርሊን ልጅ አገባ። አራት ልጆች ወለዱ፦ ፋኒ በ1805፣ ፊሊክስ በ1809፣ ርብቃ በ1811፣ ፓውል በ1812። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የተወለዱት ሐምቡርግ ነው። በ1811 ግን ከተማዋ በናፖሊዮን ጦር ተይዛ ኑሮ ሲከፋ ቤተሰቡ ወደ በርሊን ሸሸ።

ልያ ለትልልቆቹ ልጆች የመጀመሪያዋ የፒያኖ አስተማሪ ነበረች። መጀመሪያ ላይ ትምህርቱ በአንድ ጊዜ 5 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ሕፃን እንዳይሰለቸው። ቀስ በቀስ እየረዘመ ሄደ። ከዚያ የከተማውን ታላላቅ መምህራን ቀጠሩላቸው፦ ለፒያኖ ሉድቪግ በርገርን፣ ለሙዚቃ ድርሰት ካርል ፍሪድሪሽ ጼልተርን፣ በኋላም ለቫዮሊን ወጣቱን ኤድዋርድ ሪትስን። ልጆቹ ከጠዋቱ 11 ሰዓት፣ ገና ሳይነጋ ይነሡ ነበር። ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ በዚያ ቤት ነውር ነው።

ሙዚቃው ከእናት ወገን ነው የመጣው። የልያ አክስት ሣራ ሌቪ በወጣትነቷ ከባህ ልጆች ከአንዱ ተምራለች፣ በርሊን ውስጥ በሰው ፊት ትጫወት ነበር፣ የባህን ቤተሰብ የእጅ ጽሑፍ ኖታዎችም ትሰበስብ ነበር። እስከ ዕለተ ሞቷ አይሁዳዊት እንደሆነች ኖራለች። በዚህ ቤት የዮሐን ሴባስትያን ባህ ሙዚቃ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ርስት ነበር። በ1818፣ ፋኒ 13 ዓመት ሲሆናት፣ አባቷን ለማስደሰት 24 የባህ ፕረሉዶችን ያለ ኖታ በቃሏ ተጫወተችለት። በዚያ ዕድሜ አዋቂም የማይደፍረው ነገር ነው።

በስውር የተነሣ ክርስትና

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ማርች 21 ቀን 1816 አብርሃምና ልያ አራቱንም ልጆቻቸውን ክርስትና አስነሡ። ፋኒ 10 ዓመቷ፣ ፊሊክስ 7 ዓመቱ ነበር። ነገሩ በዝምታ ነው የተደረገው፤ አያታቸው ቤላ ሳሎሞን እንዳይሰሙ። ቤላ አጥባቂ አይሁዳዊት ነበሩ። ልጃቸው ያዕቆብ ክርስትና ሲነሣ ረግመውት፣ ከቤታቸው አርቀውት ነበር። ያ ያዕቆብ ስሙንም ቀይሯል፤ ከወረሰው መሬት ስም ወስዶ «ባርቶልዲ» ተባለ። «አንተም ልጆችህን አድናቸው፣ ስምህንም ለውጥ» እያለ አብርሃምን የሚወተውተው እሱ ነው። ወላጆቹ ራሳቸው በ1822 ተከተሉ፣ የባርቶልዲን ስምም በስማቸው ላይ ጨመሩ።

በቤተሰቡ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ፋኒ ለአያቷ ፒያኖ ስትጫወትላቸው አያት ደስ ብሏቸው «ምን ላድርግልሽ ልጄ?» አሏት። እሷም «አጎቴን ይቅር በሉልኝ» አለች። ቤላም ለልጅ ልጃቸው ሲሉ ልጃቸውን ይቅር አሉ። ያቺ አስታራቂ ልጅ ግን ራሷ ክርስትና ተነሥታለች፣ አያትም ይህን አያውቁም።

ለምን አደረጉት? አንዳንዱ እምነት ነው ይላል፣ አንዳንዱ ጥቅም ነው ይላል። ዘመኑን ማወቅ ግን ግድ ነው። በ1812 ፕሩስያ ለአይሁዶች የዜግነት መብት ሰጥታ ነበር፣ ወዲያው ግን ቀስ በቀስ መንጠቅ ጀመረች። በ1819 በብዙ የጀርመን ከተሞች ሕዝብ አይሁዶችን እያሳደደ ደበደበ፣ ሱቃቸውን ሰባበረ። በ1822 ደግሞ አይሁዳዊ በዩኒቨርሲቲ እንዳያስተምር ተከለከለ። በሩ የሚከፈተው ለተጠመቀ ብቻ ነው። ከሙሴ ሜንደልሶን ስድስት ልጆች ውስጥ በአይሁድነት የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው።

ይህ በር በእኛም ሀገር ተንኳኩቷል። በ1860 ሄንሪ አሮን ስተርን የሚባል ሚስዮናዊ ከለንደን ማኅበር ተልኮ ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች መጣ። ስተርን ራሱ በጀርመን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ክርስትና የተነሣ ሰው ነው። የአብርሃም ሜንደልሶን ትውልድ የገባበትን በር ይዞልን መጣ ማለት ይቻላል። ሽማግሌዎቻችንና መነኮሳቱ ተከራከሩት። በ1862 አባ ማሕሪ ሕዝቡን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ፤ ብዙ ሰው በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ አለቀ። በ1864 ደግሞ ረቢ ዓዝሪኤል ሂልደስሃይመር፣ በኋላ በርሊን መጥተው ያገለገሉት፣ «በኢትዮጵያ ያሉ ወንድሞቻችንን እንርዳ» ብለው ለዓለም አይሁድ ጥሪ አሰሙ። ስለዚህ የበርሊኑና የጎንደሩ ታሪክ የማይገናኝ እንዳይመስላችሁ። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው ሁለቱም ቦታ የተጠየቀው።

የእሑድ ኮንሰርት

ከ1820ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አብርሃምና ልያ እሑድ እሑድ ቤታቸው ኮንሰርት ማዘጋጀት ጀመሩ። በዕብራይስጥ «ሙዚካ ካሜሪት» የምንለው ማለት ነው፤ በክፍል ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሆነው የሚጫወቱት ሙዚቃ። አባትየው ገንዘብ ስላለው ከንጉሡ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ይቀጥር ነበር። ዋናው ነገር ግን ልጆቹ ናቸው። ፋኒ ፒያኖ፣ ፊሊክስ ፒያኖና ቫዮሊን፣ ርብቃ ትዘፍናለች፣ ትንሹ ፓውል ቼሎ። ፊሊክስ ሙዚቀኞቹን ሲመራ ቁመቱ አልደርስ ብሎ በርጩማ ላይ ይቆም ነበር ይባላል።

የእሑዱ ኮንሰርት ለፊሊክስ ትምህርት ቤት ሆነለት። የጻፈውን በዚያው ሳምንት ወይም በሚቀጥለው ይሰማዋል። የማያምር ከሆነ ያርመዋል። ከ1821 እስከ 1823 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ከ12 እስከ 14 ዓመቱ፣ 12 የክር መሣሪያ ሲምፎኒዎች ጻፈ። ስንት ተሰጥኦ ያለው ልጅ የጻፈውን የሚጫወትለት አጥቶ ቀርቷል! ለዚህ ልጅ ግን ቤቱ ራሱ መድረክ ነበር።

በ1825 ቤተሰቡ በላይፕዚገር መንገድ ቁጥር 3 ትልቅ ግቢ ገዛ። ከግቢው ኋላ የአትክልት ቤት ነበር፣ አዳራሹ ብዙ እንግዳ ይይዛል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የ16 ዓመቱ ፊሊክስ ለቫዮሊን መምህሩ ለሪትስ የልደት ስጦታ አንድ ሥራ ጻፈ። «ኦክቴት» ይባላል፣ ለስምንት ተጫዋች ማለት ነው፦ አራት ቫዮሊን፣ ሁለት ቪዮላ፣ ሁለት ቼሎ። ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይጫወቱታል። ሙዚቃ አዋቂዎች በዚያ ዕድሜ ይህን የሚያህል ሥራ የጻፈ ሞዛርትም ቢሆን የለም ይላሉ።

እንዲህ ዓይነት ሙዚቃ እንዴት እንደሚሠራ ላልለመዳችሁ ትንሽ እናብራራ። በትልቅ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ የሚመራ ሰው አለ፣ አንድ ቫዮሊን ቢሳሳት ሌላው ይሸፍነዋል። በካሜሪት ግን እያንዳንዱ የራሱ ድርሻ አለው፣ የሚሸፍንለት የለም። መሪም የለም። አንዱ ትንፋሹን ሲስብ ሌላው ያያል፣ አንዱ ዜማውን ሲጀምር ሌላው ዝቅ ይልለታል፣ ከዚያ ተቀብሎት ይቀጥላል። ቄሶቻችን በበዓል ሲጸልዩ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማንም በእጅ ሳያመለክት ሁሉም ጊዜውን ያውቃል። አብሮ በማደግ የሚመጣ ነገር ነው። ወንድምና እህት አብረው ሲጫወቱ የሚያምረውም ለዚህ ነው።

የመምህሩ ደብዳቤ

በ1821 ጼልተር የ12 ዓመቱን ፊሊክስ ይዞ ወደ ታላቁ ባለቅኔ ወደ ጎተ ሄደ። ጎተ በልጁ ተደነቀ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቤቱ አስቀመጠው። ከመሄዳቸው በፊት ግን ጼልተር ለጎተ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በዚያ ደብዳቤ ልጁ የአይሁድ ልጅ ቢሆንም አይሁዳዊ እንዳልሆነ፣ ከአይሁድ ልጅ አርቲስት ቢወጣ ደግሞ እውነትም ብርቅ ነገር እንደሚሆን እያላገጠ ጻፈ። ልጁን የሚወድ መምህር ነው ይህን ያለው! ደብዳቤው ጼልተር ከሞተ በኋላ በመጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ ቤተሰቡ አነበበው። ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም። የተጠመቀው ልጅ በመምህሩ ዓይን ያው የአይሁድ ልጅ ነበር።

በ1829 ማርች 11 ቀን ፊሊክስ በ20 ዓመቱ፣ ባህ ከሞተ ወዲህ ሰው የረሳውን «የማቴዎስ ሕማማት» የሚባል ትልቅ ሥራ በርሊን ላይ መራ። ዓለም ባህን እንደገና ያወቀው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። የዚያን ሥራ ኖታ ግልባጭ የሰጡት እኚያ አይሁዳዊት አያት ቤላ ናቸው። ፊሊክስ ራሱ ለጓደኛው ለተዋናዩ ኤድዋርድ ዴቭሪየንት፣ ይህን ታላቅ የክርስቲያን ሙዚቃ ለሕዝብ የመለሱት አንድ ተዋናይና አንድ የአይሁድ ልጅ መሆናቸው እንደሚገርመው በሳቅ ነግሮታል። ስቆ ቢናገረውም አልረሳውም።

«ለእሷ ጌጥ ነው»

አሁን ወደ ፋኒ እንመለስ። ሁለቱ ልጆች ከአንድ መምህር ተምረዋል፣ በአንድ ሳሎን ተጫውተዋል። በችሎታ ማን ይበልጣል ቢባል መልስ የለውም። በ1820 ግን አባታቸው ለፋኒ ደብዳቤ ጻፈላት። ሙዚቃ ለፊሊክስ ምናልባት ሥራው ይሆናል፣ ላንቺ ግን ጌጥ ብቻ ነው፣ የኑሮሽ መሠረት ሊሆን አይችልም አላት። 14 ዓመቷ ነበር።

ፋኒ አልተወችውም። ከ450 በላይ ሥራዎች ጻፈች። ማሳተም ግን አልተፈቀደላትም። ወንድሟም በዚህ ከአባቱ ጋር ነበር። ስድስት ዘፈኖቿ በፊሊክስ ሥራዎች መካከል ገብተው በእሱ ስም ታተሙ። በ1842 ፊሊክስ ለንደን ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘንድ ቀረበ። አፄ ቴዎድሮስ በኋላ ደብዳቤ የጻፉላት፣ መልስ ሳይመጣ ቀርቶ ነገር የተበላሸባት ያቺው ንግሥት ናት። ቪክቶሪያ ዘፈን ትወድ ነበርና ከፊሊክስ መጽሐፍ በጣም የምትወደውን መርጣ ዘፈነችለት። ሲጨርሱ ፊሊክስ እውነቱን መናገር ግድ ሆነበት፦ ዘፈኑ የእኔ ሳይሆን የእህቴ ነው አላት።

ፋኒ ዊልሄልም ሄንዘል የሚባል ሠዓሊ አገባች። እሱ ከአባቷም ከወንድሟም ይለያል። ጻፊ፣ አሳትሚ እያለ ያበረታታት ነበር። ከ1831 ጀምሮ የእሑዱን ኮንሰርት እንደገና አነሣችው። በዚያው ግቢ፣ በአትክልቱ ቤት፣ አሁን የቤቱ ሴት ልጅ ፒያኖ እየተጫወተች፣ መዘምራን እየሰበሰበች፣ ራሷ ትመራ ነበር። ከመላው አውሮፓ የመጣ ሙዚቀኛ በርሊን ከገባ እዚያ ይገኛል። ለሕዝብ በተከፈተ አዳራሽ የተጫወተችው ግን በ1838 ለበጎ አድራጎት ብቻ ነው። በ1846፣ 40 ዓመቷ ላይ፣ በስሟ ማሳተም ጀመረች። ፊሊክስም ዘግይቶ ቢሆን መረቃት።

አንድ ዓመት እንኳ አልቆየችም። ሜይ 14 ቀን 1847 ለእሑዱ ኮንሰርት ሲለማመዱ፣ ፒያኖው ላይ እንዳለች እጇ ደነዘዘ፣ በዚያው ምሽት ሞተች። 41 ዓመቷ ነበር። ፊሊክስ ሲሰማ ጮኾ ወደቀ። በዚያ በጋ ለእሷ ልቅሶ የሚሆን አንድ የክር ኳርቴት ጻፈ። ብዙዎቹ ሥራዎቹ የሚያምሩና የተረጋጉ ናቸው፤ ይህ ግን ጩኸት ነው። ኖቬምበር 4 ቀን እሱም ሞተ፣ 38 ዓመቱ። በርሊን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀብረዋል።

በ1828 ፋኒ የጻፈችው አንድ የፒያኖ ሶናታ ለረጅም ጊዜ የፊሊክስ ነው ሲባል ቆይቷል። የእሷ መሆኑ የተረጋገጠው በ2010 ነው። ስም ከተወሰደ ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ተመልከቱ።

የስሙ ጠብ

በ1829 ፊሊክስ ለንደን ሄዶ ኮንሰርት ሲያቀርብ በፕሮግራሙ ላይ «ሚስተር ሜንደልሶን» ተብሎ ታተመ። ባርቶልዲ የለም። አብርሃም ተቆጣ። ጁላይ ላይ ረጅም ደብዳቤ ጻፈለት። የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፦ አያትህ «የመንደል ልጅ» የሚለውን ስም የያዘው ለአዲስ ሕይወት ብሎ ነው፣ ስሙ ግን የአይሁድ ስም ሆኖ ቀርቷል፤ ክርስቲያን ሆነህ ሜንደልሶን ልትባል አትችልም፣ ባርቶልዲ መባል አለብህ። ፋኒም በዚያው ቀን ለወንድሟ ጻፈችለት። ባርቶልዲ የሚለውን ስም ማናችንም አንወደውም፣ የምታደርገው ይገባኛል፣ ግን አባታችን ተቆጥቷልና ተጠንቀቅ አለችው።

ፊሊክስ አባቱን ያከብር ነበር፣ ባርቶልዲን ጨርሶ አልጣለውም። ሜንደልሶንንም አልተወም። ሁለቱን ይዞ ኖረ። ዓለም ዛሬ የሚያውቀው በየትኛው ነው? በአያቱ ስም።

አባትየው ስሙን ቢለውጥ ልጆቹ የሚድኑ መስሎት ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ፊሊክስ ከሞተ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ1850፣ ሪሐርድ ቫግነር ስሙን ደብቆ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ አይሁዳዊ ሙዚቀኛ እውነተኛ ሥራ ሊሠራ አይችልም አለ፣ ምሳሌ ያደረገውም ፊሊክስን ነው። ናዚዎች ሲመጡ ሙዚቃው ከጀርመን መድረክ ታገደ። ላይፕዚግ ከተማ፣ ፊሊክስ ለዓመታት ኦርኬስትራዋን በመራባት፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤቷን በመሠረተባት ከተማ፣ ኖቬምበር 1936 ሐውልቱን ሌሊት አፈረሱት። በ1938 የቤተሰቡ ባንክ ተዘጋ። በርሊን የሚገኘው የአያታቸው የሙሴ የአይሁድ መቃብር ቦታም ፈረሰ። ጥምቀቱ ምንም አላዳነም።

በዚያው ዓመት በዚያው ወቅት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ዲሴምበር 26 ቀን 1936 በቴል አቪቭ አዲስ ኦርኬስትራ የመጀመሪያውን ኮንሰርት አቀረበ። የመሠረተው ቫዮሊን ተጫዋቹ ብሮኒስላቭ ሁበርማን ነው፣ ሙዚቀኞቹ ከአውሮፓ ኦርኬስትራዎች አይሁዳዊ በመሆናቸው የተባረሩ ነበሩ። የመራው ጣሊያናዊው አርቱሮ ቶስካኒኒ። ከተጫወቱት መካከል የሜንደልሶን «የበጋ ሌሊት ሕልም» ነበረበት። ሐውልቱ በፈረሰ በሰባት ሳምንት ውስጥ ሙዚቃው እዚህ፣ በእኛ አገር ተሰማ። ያ ኦርኬስትራ ዛሬ የእስራኤል ፊልሃርሞኒክ የምንለው ነው።

የእሑዱ ኮንሰርት የነበረበት የአትክልት ቤት የለም፣ ፈርሷል። በቦታው ላይ ዛሬ የጀርመን ፓርላማ ሁለተኛው ምክር ቤት ይቀመጥበታል። የላይፕዚጉ ሐውልት ደግሞ በ2008 እንደ አዲስ ተሠርቶ ቆሟል።

ለእኛ የሚቀረው

ዛሬ ቫዮሊን ወይም ቼሎ በጀርባቸው አዝለው ወደ ኮንሰርቫቶሪዮን የሚሄዱ ልጆች በመካከላችን አሉ። ወላጆቻቸው ሁለት ፈረቃ እየሠሩ የትምህርቱን ይከፍላሉ። ለእነዚህ ወላጆች ከሜንደልሶን ቤት ሦስት ነገር መውሰድ ይቻላል።

አንደኛ፣ ልጅ የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል። አብርሃም ኦርኬስትራ መቅጠር ይችል ነበር፣ እኛ አንችልም። ግን ዓርብ ከሰዓት ወይም ቅዳሜ ማታ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አያት፣ አጎትና ጎረቤት ተጠርተው፣ ልጁ የተማረውን ቢጫወት ምን ይጎድላል? አያቶቻችን ሙዚቃውን ላያውቁት ይችላሉ። ቤላ ሳሎሞንም የልጅ ልጃቸውን ያዳመጡት በፍቅር ነው።

ሁለተኛ፣ ሴት ልጃችን እኩል ታዳምጥ፣ እኩል ትሰማ። «ላንቺ ጌጥ ነው» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ አባት ዛሬ ላይኖር ይችላል። «እህትህ ሳህን ትጠብ፣ አንተ ተለማመድ» የሚል ግን አሁንም አለ። ፋኒን ያጣናት በዚህ ነው።

ሦስተኛው የስም ነገር ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን ትምህርት ቤት ስንገባ ስማችን ለምላስ ከበደ ተብሎ ሌላ ስም ተሰጥቶናል? አንዳንዱ ወደደው፣ አንዳንዱ ዛሬም ያቃጥለዋል። በመድረክ ፕሮግራም ላይ የልጃችን ስም ሲታተም ረዘመ፣ አይመችም፣ እናሳጥረው ቢሉ ልጁ ራሱ ይወስን። ግን ከመወስኑ በፊት ስሙ ከየት እንደመጣ ይወቅ። ያ ስም የአንድ ሰው አባት ነበር፣ እርሻ ያረሰ፣ ብረት የቀጠቀጠ፣ ኢየሩሳሌም እያለ የሞተ።

ጀርመናዊው መንደል በዴሳው ከተማ የኦሪት ጸሐፊ ነበር፣ ድሃ ነበር፣ ስሙ ከሰፈሩ የሚያልፍ አይመስለውም ነበር። ዛሬ በዓለም ሁሉ ኮንሰርት አዳራሽ፣ ፕሮግራም በታተመ ቁጥር ስሙ ይጻፋል። የጻፈለት የልጅ ልጁ ልጅ፣ ስሙን አልጥልም ያለው ልጅ ነው።

ሻባት ሻሎም።